ድንቹ ውስጥ የጨመርኩት

ይህን ነገር ሰባት ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም ነበር። ንስሐ አባቴ ፊት ተቀምጬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ረቡዕ መሆኑን ረስቼ ወተት መቅመሴን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ይህችን ግን እየዘለልኳት ኖርኩ። አባ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም» እላለሁ። ውሸቴን ነበር፤ ሌላ ነበረ። ምራቴ ስመኝ ከምትበላው ምግብ ውስጥ አውቄ፣ ሆን ብዬ፣ የሚጥሚጣ ውሃ ጨምሬባታለሁ። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ሚጥሚጣው ጓዳ ውስጥ የት እንደተቀመጠ የማውቀው እኔ እንጂ ሰይጣን አይደለም።

እናንተ ስመኝን አታውቋትምና መጀመሪያ ስለሷ ልንገራችሁ። የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት፤ አስተማሪ ናት። ይበልጣል የሚባለው አንድ ልጄ ሚኒባስ ይነዳል፤ ከዳንግላ እንጅባራ ስትመላለስ አይቶ ወደዳትና አገባት። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ እንጅባራ ዳር ላይ ባለችው ቤት ሦስት ሆነን መኖር ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ «እማዬ፣ ምሳ በሉ?» የምትል ልጅ ናት። ሣቋ ከደጅ ይሰማል። እኔ ግን ያን ጊዜ ሣቋም አይጥመኝም ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ ልጄ ከመኪና ወርዶ መጀመሪያ የሚጠራው የእኔን ስም ነበር፤ እሷ ከመጣች በኋላ የእሷን ሆነ። እንግዲህ ሳልሸፍን ልናገር ካልኩ ይህም ይነገር።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ታመመች። አፏ ይደርቃል። ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድላትም። ክፍል ውስጥ ስታስተምር ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቅባታል። ዓይኗን አሸዋ የገባበት ይመስል ታሸዋለች። ይበልጣል ባሕር ዳር ወስዶ አሳከማት። ሐኪሙ እንዳላት ከሆነ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ዞሮ የገዛ ራሷን የምራቅና የእንባ ዕጢ ያጠቃዋል። ስሙ የፈረንጅ ነው፤ እኔ ምላሴ አልያዘውም፣ ድርቀት እለዋለሁ። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ የዓይን ጠብታና ኪኒን አለ፣ የቀረውን በአመጋገብሽ ታስታምሚዋለሽ አላት። በርበሬ የለም። ኮምጣጣ የለም። ስኳር ጥርስሽን ይጨርሰዋል፣ ተዪው። ውሃ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ቀኑን ሙሉ ጠጪ። ምግብሽ እርጥብና ለስላሳ ይሁን፤ የሚስማማሽንና የማይስማማሽን ራስሽ ለይተሽ እወቂ።

አስተማሪ አይደለች? ደብተር አወጣች። አዲስ ምግብ አንድ በአንድ ትጀምራለች፤ ሦስት ቀን በልታ፣ አፏን በመስታወት አይታ ትጽፋለች። ዱባ፣ ይሆነኛል። የአጃ አጥሚት፣ ይሆነኛል። ቲማቲም፣ አይሆነኝም። እንጀራ፣ ሳይኮመጥጥ አፍለኛ ከሆነና በአልጫ ከተፈተፈተ ይሆነኛል። ለመታመም እንዲህ ስትተጋ አይቼ የማውቀው ሰው የለም ብዬ እቀልድ ነበር። ለመዳን መሆኑን ማን በነገረኝ? ኧረ ተነግሮኛል፤ ልጄ አስር ጊዜ ነግሮኛል። አልሰማም ያልኩት እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ በወጤ የታወቅሁ ሴት ነኝ። ሰርግ ያለበት ቤት በርበሬውን እንድደልዝ፣ ድስቱን እንድይዝ የሚጠራው እኔን ነው። አሁን አንዲት ምራት መጥታ የእኔን ወጥ ገፋ አድርጋ የራሷን አልጫ ስትበላ ምን ይሰማኛል? ናቀችኝ አልኩ። በጾም ቀን ከሰዓቱ በፊት ከላስቲክ ጠርሙሷ ውሃ ስትጎነጭ አየሁና ሃይማኖት የላትም አልኩ። አባ ፈቅደውላት ነበር፤ እኔ ግን አልፈቀድኩላትም። ከጎረቤቴ ከትሁን ጋር እሷው ፊት ተቀምጠን በአውንጊ እናማታለን። ስመኝ አውንጊ አትሰማም። ዝም ብላ ፈገግ ትልልናለች፤ እኛ ደግሞ በዚያ እንስቃለን።

እህቴ ስትሞት የባሰውን አደረግሁ። ስመኝ ሬሳው ሲወጣ ደረቷን ደቃች፣ ጮኸች፣ ድምፅዋ ተዘጋ፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። ድንኳን ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» አልኩ። ይህን በአውንጊ አላልኩትም። በአማርኛ አልኩት፣ እንድትሰማው። ሰማችው። ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች። እንባ የሌላት የእንባ ዕጢዋ ስለታመመ መሆኑን እያወቅሁ ያልኩት ነው።

ከዚያ የማርያም ማኅበር የእኔ ተራ ደረሰ። ቤት ሙሉ ሴት ተቀምጧል፣ ዶሮ ወጡ ቀርቧል። ስመኝ አስተናግዳ ስትጨርስ ጥግ ላይ ሆና ዱባዋን መብላት ጀመረች። ትሁን ጮክ ብላ «እንዴ! ምራትሽ እጅሽን ተጸየፈችው እንዴ?» አለች። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ቀልድ ነበር፤ ትሁን ያለ ቀልድ አትኖርም። እኔ ግን ያን ቀን በእንግዳ ፊት የተገፈፍኩ መሰለኝ። ቆይ ብቻ አልኩ በልቤ። በሽታሽን እፈትነዋለሁ።

ፈተናው አጠገቤ ነበር። ከቤታችን ጀርባ የድንች ማሳ አለኝ፤ አዲሱ ድንች ደርሶ ነበር። ስመኝ ድንች ስትወድ ሌላ ነች። ዳንግላ እናቷ ቤት ሳለች ሙቅ ድንች በጨርቅ ጠቅልላ ትምህርት ቤት ትወስድ ነበር አሉ። በደብተሯ ቅደም ተከተል ድንች የሚጀመርበት ቀን እስኪደርስ እንደ ሕፃን ትጠብቅ ነበር። ማግስቱን ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ «እማዬ፣ ከመጣሁ በኋላ ድንቹን ልሠራው ነው» አለችኝ። «ተዪው እኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት። እንዴት ደስ እንዳላት! ተመልሳ ጉልበቴን ሳመች። ይበልጣልን ካገባች ጀምሮ ለእሷ ብዬ አንድም ድስት ጥጄ አላውቅም ነበርና።

ጉልበቴን የሳመችበት ሳይደርቅ ገብቼ ሚጥሚጣውን አወጣሁ። ሁለት ማንኪያ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ቅንጣቱ እንዳይታይ በነጠላ ጫፍ አጠለልኩት። አያችሁ፣ ድንገት የተናደደ ሰው አያጠልልም። ድንገት የተናደደ ሰው ወርውሮ ነው የሚጨምር። እኔ ቁጭ ብዬ፣ ሳልቸኩል፣ ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ አጠለልኩ። ድንቹን በሽንኩርትና በእርድ ሠራሁና ውሃውን ጨመርኩበት። እርዱ ቀለሙን ደበቀልኝ። በሽታዋ ሐሰት ከሆነ ትበላዋለች፣ በልታ ምንም ካልሆነች በማግስቱ ትሁንን ጠርቼ አዋርዳታለሁ አልኩ። በሽታዋ እውነት ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መልሱን አውቀው ነበርና ነው ያልጠየቅሁት።

ለምሳ መጣች። አቀረብኩላትና በሩ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። አንድ ጎረሰች፣ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ትጮኻለች አልኩ። ውሃዋን ጎነጨችና ሁለተኛውን ጎረሰች።

«ምነው፣ አልጣመሽም?» አልኳት።

«ኧረ በጣም ይጥማል እማዬ፤ እጅዎ ይባረክ» አለችኝ።

ሳህኑን ጨረሰችው። ጠረገችው። ዓይኗ ደም መሰለ፣ እንባ ግን የለም። እኔ በበሩ ላይ ቆሜ፣ «አየሽ! ውሸታም!» እላለሁ በልቤ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ከታመመች ወዲህ ጨው እንኳ ያቃጥላታል፣ ነጭ ሽንኩርት ያቃጥላታል። ምን እንዳቃጠላት በምን ትለየው? የድንቹ ጠባይ መሰላት። ሳይመሽ ከንፈሯ አበጠ። በማግስቱ አፏ ውስጥ ቁስል ወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ምላሷ ተላጠ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወተት በቀጭን ቱቦ እየሳበች ኖረች። ትምህርት ቤት ቀረች። ከመጋረጃው ወዲያ ማዶ ለይበልጣል ስትነግረው ሰማኋት፤ ቃሏ ተቆራርጦ ነበር የሚወጣ። «ገና ስጎርሰው አቃጥሎኝ ነበር። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ፈቃድ ሠርተውልኝ እንዴት ልተወው?» አለችው።

እዚያው ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ወጥቼ ብናገርስ? አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው። ሐኪሙ «በቅርብ ምን አዲስ ነገር በላሽ?» ብሎ ሲጠይቃት እኔ አብሬ ሄጄ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። «ድንች» አለች። «እንግዲያው ድንች ይቅርብሽ» አላት። እኔ ምን አደረግሁ? ነጠላዬን አስተካከልኩ። ቤት ስንደርስ ደብተሯን አወጣችና ድንች፣ አይሆነኝም ብላ ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ ከሥሩ አሰመረችበት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ነኝ፤ አነበብኩት።

ድንች ቢቀር ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። በፍስክ ምንም አይደል፤ ወተቱ፣ እርጎው፣ ቅቤው አለ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ይቀራል። ባቄላና ሽሮ ያለ በርበሬ ቢሠራም ዱቄትነቱ አፏን ያደርቃታል፣ ጎመኑ ይሻክራታል። በእኛ አገር በጾም እርጥብና ለስላሳ የሆነ፣ ሆድ የሚይዝ ምግብ ድንች ነው። እኔ ከጀርባዬ ማሳ ሙሉ ድንች አለኝ፤ እሷ በዱባና በአጃ ብቻ ሃምሳ አምስት ቀን ትገፋለች። አባ «አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ጾሙን ተዪው» ቢሏት «ውሃውን ፈቀዱልኝ ይበቃኛል» ብላ እምቢ አለች። ለፋሲካ ቀሚሷ ይሰፋባታል፣ የጉንጯ አጥንት ይወጣል። ሰባት ሁዳዴ እንዲህ ስትከሳ አየሁ። ሰባቱንም እኔ ነኝ ያከሳኋት።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ሆንኩ? አበሳዬን በድስት ልካስ ተነሳሁ። አጃ መቁላትና መፍጨት፣ ተልባ አድቅቆ በለብ ያለ ውሃ መበጥበጥ፣ ዱባን ውሃው ሳይደርቅ በልኩ ማብሰል፣ ሊጡ ሳይኮመጥጥ አፍለኛ መጋገር፣ ሁሉንም ተማርኩ። ምሳዋን በሳህን ቋጥሬ ትምህርት ቤት ድረስ ባጃጅ ይዤ እሄድላታለሁ። መጀመሪያ በጸጸት ነበር። በኋላ፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ወደድኳት። እንዲያው ወደድኳት! ስትዘገይብኝ በር ላይ እቆማለሁ። በደብተሯ ላይ አንድ ይሆነኛል በተጻፈ ቁጥር እልል በይ እልል በይ ይለኛል። አንድ ቀን «እማዬ፣ የእርስዎ አልጫ ባይኖር እኔ በሕይወት አልኖርም ነበር» ብላ እቅፍ አደረገችኝ። በሞቴ፣ ያን ቀን ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰፈሩም አላዳነኝም። «አማት እንዲህ ትሁን!» ይላሉ። ጎረቤቴ ትሁን ራሷ «አንቺ ሴት፣ ከእኔ የተሻለች ሆንሽ፣ እንግዲህ ማንን እናማለን?» ትለኛለች። ያልሠራሁትን ሲያመሰግኑኝ እሺ ብዬ መቀበሌ ሌላ ኃጢአት ነው፤ እሱንም ጨምሩልኝ።

ልናገር ብዬ ያልቀረብኩበት ዓመት የለም። አንድ ጊዜ በተንኮል ልወጣ ሞከርኩ፤ «ድንቹን እስቲ ደግመሽ ሞክሪው» አልኳት። ከልቧ ሳቀችና «ምነው እማዬ፣ ሊገድሉኝ ነው?» አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ፈሪ ነኝ። ምላሴ ለሐሜት እንጂ ለእውነት የማይፈታ፣ ፈሪ ነኝ። እንዳትሄድብኝ ነበር የምፈራው። ዳንግላ ቅርብ ናት፤ በኋላ የወለደቻትን ልጇን አዝላ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብትሄድ ማን ይመልሳታል?

ባለፈው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ድንች ቀቅለን ነበር። ስመኝ ለልጇ ለሕይወት እየላጠች ታበርድላታለች። ሕይወት አምስት ዓመቷ ነው፤ በእናቷ ወጥታ ድንች ትወዳለች። ስመኝ ልጣጩን አንስታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሕይወት «አንቺ ለምን አትበዪም?» አለቻት። «እኔን ሽታው ይበቃኛል» አለች ስመኝ፣ ፈገግ ብላ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ሕይወትዬ፣ ውጪ ተጫወቺ» አልኩና ልጅቷን አስወጣኋት። ከዚያ ነገርኳት። ሚጥሚጣውን፣ ሙቅ ውሃውን፣ በነጠላዬ ማጥለሌን፣ እርዱን፣ ሐኪሙ ዘንድ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። የማለቅሰውም እኔው ነበርኩ፤ ለኔ እንባ አልጠፋ!

ስመኝ ድንቹን አስቀመጠችው።

«ስበላ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር እኮ» አለች።

«አዎ።»

«ሲያቃጥለኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ተነስታ ወጣች። ሁለት ቀን እግዜር ይስጥልኝና እንደምን አደሩ ብቻ ሆነ ንግግራችን። ምግቧን ራሷ ሠርታ በላች። የእኔን ድስት አልነካችም። ይበልጣል «ምን ሆናችሁ?» ቢለን ሁለታችንም «ምንም» አልነው። ልትነግረው ትችል ነበር፤ አልነገረችውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከማሳው አራት ድንች ቆፍራ፣ አጥባ አመጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። «ይሥሩልኝ» አለች። «እዚሁ እቀመጣለሁ። ሲጨርሱም አስቀድመው ይቀምሱልኛል።» በእኛ ዘንድ ያቀረበ ሰው ቀምሶ ነው የሚሰጥ፤ መተማመን እንዲህ ነው የሚገባ። ያን ቀን፣ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ አልቀመስኩም ነበር። አሁን እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጄን እያየች ላጥኩ፣ ከተፍኩ፣ ቀቀልኩ። እርድ እንኳ አልጨመርኩበትም። ቀመስኩ። ከዚያ በላች። ዝግ ብላ፣ አፏ ውስጥ እያቆየች በላች። ስትጨርስ «እማዬ፣ ይቅር ብያለሁ አልልዎትም፤ ገና አልወጣልኝም። ግን የትም አልሄድም» አለችኝ።

እንደ ደብተሯ ልማድ ድንቹን ሦስት ቀን በላችው። እነዚያን የፈተና ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ የምናገረው ለእናንተ ብቻ ነው፣ ለሷም አልነገርኳትም። አንድ ክፉ ተስፋ ያዘኝ። ምናልባት ድንቹ በእውነትም አይስማማት ይሆናል አልኩ። ምናልባት ያን ጊዜም ሚጥሚጣው ሳይሆን ድንቹ ይሆናል ያቆሰላት። እንዲያ ቢሆን በደሌ ግማሽ ይሆንልኝ ነበር። ይህን፣ የሚወዳትን ልጅ ቁስል የተመኘ ልብ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ስም አላገኘሁለትም። ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም፤ ይቅርታው የሷ ነው፣ ቢመጣም ባይመጣም።

ዛሬ ጠዋት ወደ በሩ ብርሃን ጠርቻት አፏን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ከፈተችልኝ። ምላሷን አየሁ፣ ጉንጯን አየሁ፣ ድዷን አየሁ። አንዲት ቁስል የለባትም። ድንቹ ምንም አላደረጋትም፤ ድሮም ምንም አላደረጋትም ነበር። ሰባቱም ዓመት የእኔ ብቻ ነው።

«ተስማምቶኛል እማዬ» አለችኝ።

«እሰይ ልጄ» አልኩና ለምሳዋ ልልጥላት ቢላዋውን አነሳሁ።